ሐኪምን በክንፍ ያደረሱ ቄስ

ባለሙያ የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ የሚታወሰው በሙያው ነው። ሐኪም በፈወሳቸው በሽተኞች፣ መሐንዲስ በሠራው ድልድይ፣ አብራሪ ባቋረጠው ሰማይ ስሙ ይጠራል። ዛሬ የሕይወት ታሪካቸውን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርብላቸው ሰው ግን ሐኪም አልነበሩም፤ አብራሪም አልነበሩም፤ የራዲዮ መሐንዲስም አልነበሩም። ይሁን እንጂ ሐኪሙን፣ አብራሪውንና መሐንዲሱን አንድ ላይ አስተባብረው፣ በምድረ በዳ መካከል ለታመመ ሰው ሕክምና፣ ቆይቶም ለሕፃናት ትምህርት በአየር የሚደርስበትን መንገድ ከፈቱ። እኒህ ሰው አውስትራልያዊው ቄስ ጆን ፍሊን ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጣለን።

ጆን ፍሊን ኅዳር ወር በ25ኛው ቀን 1880 ዓ.ም. በአውስትራልያ ደቡብ ምሥራቅ በቪክቶርያ ግዛት ውስጥ ሞልያጉል በምትባል የወርቅ ቆፋሪዎች መንደር ተወለዱ። አባታቸው የትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። እናታቸው የሞቱባቸው ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ከጨረሱ በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚበቃ ገንዘብ ስላልነበረ እንደ አባታቸው በመምህርነት ሥራ ጀመሩ። በዚህም ጊዜ ፎቶግራፍ ማንሣትንና ለተጎዳ ሰው የመጀመሪያ ርዳታ መስጠትን በትጋት ተማሩ። እነዚህ ሁለት ነገሮች ያን ጊዜ እንደ ትርፍ ጨዋታ የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ ኋላ ግን ለሥራቸው እንደ ሁለት እጅ ሆነው አገለገሉ።

በ1903 ዓ.ም. የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆኑ፤ ትምህርታቸውንም እየሠሩ ቀጥለው በ1911 ዓ.ም. ቅስና ተቀበሉ። አንድ ዓመት አስቀድሞ በ1910 ዓ.ም. በገጠር ለሚኖሩ ሠራተኞች የምትሆን አንዲት የኪስ መጽሐፍ አሳትመው ነበር። በመጽሐፏ ውስጥ የመጀመሪያ ርዳታ ምክር፣ ጸሎት፣ እንዲሁም ካህን በሌለበት ሥፍራ ሰው ሲሞት የቀብር ሥርዓት እንዴት እንደሚፈጸም የሚያስረዳ ክፍል ይገኝባታል። አንባቢ ከዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስብ። አንድ ወጣት ካህን ለሕዝቡ መጽሐፍ ሲያዘጋጅ ሰው ራሱ ወዳጁን እንዲቀብር ማስተማር ግዴታ ከሆነበት፣ የዚያ አገር ችግር ምን ያህል እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

አውስትራልያ ስፋቷ ከሀገራችን ከኢትዮጵያ ሰባት እጅ ያህል ነው። በዚያን ዘመን ግን የሕዝቡ ቁጥር ሲገመት ከአምስት ሚልዮን እምብዛም አያልፍም ነበር፤ የሚበዛውም ሰፍሮ የሚገኘው በባሕር ዳር ከተሞች ነው። ወደ መካከለኛው ምድር የገባ ሰው ቀይ አሸዋ፣ ደረቅ ወንዝና ማለቂያ የሌለው ሜዳ ይቀበለዋል። ከአንዱ የከብት እርባታ ሥፍራ እስከ ሌላው ለመድረስ በፈረስ ወይም በግመል ቀናት ይፈጃል። ሁለት ሚልዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ለሚጠጋ ምድር፣ ማለት ከመላው ኢትዮጵያ ለሚሰፋ አገር፣ የነበሩት ሐኪሞች ሁለት ብቻ ነበሩ። በምጥ የተያዘች ሴት፣ ፈረስ የጣለው እረኛ፣ ትኩሳት የያዘው ሕፃን ዕድሉ ከሆነ ይድናል፤ ካልሆነም በዚያው ይቀበራል።

ቄስ ፍሊን በ1911 ዓ.ም. በደቡብ አውስትራልያ በረሃ ዳር ወደምትገኘው ቤልታና ተልከው ይህን በዓይናቸው አዩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከባቡር ሐዲዱ ጫፍ በኡድናዳታ አንዲት ነርስ ተቀምጣ በሽተኞችን የምትረዳበት ቤት ተከፈተ። በ1912 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናቸው የሰሜኑን ግዛት ዞረው እንዲመረምሩ አዘዘቻቸው። እርሳቸውም ያዩትን በጽሑፍና በካርታ አስደግፈው ባቀረቡ ጊዜ የአውስትራልያ የውስጥ አገር ሚስዮን የተባለው ድርጅት በመስከረም ወር ተቋቋመ፤ ኃላፊነቱም ለእርሳቸው ተሰጠ። ከዚያ በኋላ ግመል የሚጋልቡ ቀሳውስት በየበረሃው ይዘዋወሩ፣ ነርሶችም በየሩቁ መንደር ይቀመጡ ጀመር። ቄስ ፍሊን በ1913 ዓ.ም. አንድ መጽሔት አቋቁመው ባነሡት ፎቶግራፍና በካርታ የተሞላ ጽሑፍ ለከተማው ሕዝብ ያደርሱ ነበር። በከተማ ተመችቶት የሚኖረው ሰው የማያየውን ወገኑን እንዲያይና ከኪሱ እንዲያዋጣ ያደረጉት በዚህ ዘዴ ነው።

ነገር ግን ነርስ ብቻዋን የማትችለው ሕመም አለ። ይህንንም በ1917 ዓ.ም. የደረሰ አንድ ነገር ለመላው አውስትራልያ ገለጠው። በሰሜን ምዕራብ በኩል ጂሚ ዳርሲ የሚባል ወጣት ከብት ነጂ ፈረሱ ወድቆበት በጽኑ ተጎዳ። ወንድሞቹ በጋሪ ጭነው ለብዙ ሰዓት ከተጓዙ በኋላ ሆልስ ክሪክ ወደምትባል ትንሽ ከተማ አደረሱት። በከተማዋ ሐኪም የለም። የመጀመሪያ ርዳታ ትምህርት የነበራቸው የፖስታ ቤቱ ሹም ሚስተር ተኬት ብቻ ነበሩ። ሹሙም በቴሌግራፍ ከ2000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ከምትገኘው ከፐርዝ ከተማ ዶክተር ሆላንድ የሚባሉትን ሐኪም አገኙ። ሐኪሙ የበሽታውን ምልክት በቴሌግራፍ እየጠየቁ መርምረው የሽንት ፊኛው መጎዳቱን ተረዱ፤ ወዲያው ቀዶ ሕክምና ካልተደረገለት እንደሚሞትም አስታወቁ። የሚያደንዝ መድኃኒት የለም፤ የቀዶ ሕክምና መሣሪያም የለም። የፖስታ ቤቱ ሹም ሰንጢያቸውን ስለው፣ ከሐኪሙ በሞርስ ምልክት የሚመጣላቸውን ትእዛዝ በየቃሉ እየተከተሉ ወጣቱን ቀደዱት።

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ፤ በሽተኛው ግን ሌላ ሕመም ተነሣበት። ዶክተር ሆላንድ በከብት መጫኛ መርከብ፣ ከዚያም በመኪና፣ መኪናውም ሲበላሽ በጋሪና በእግር ከሳምንት በላይ ተጉዘው ሆልስ ክሪክ ደረሱ። የደረሱት ግን ወጣቱ በሞተ ማግስት ነበር። የሞተውም በቀዶ ሕክምናው ምክንያት ሳይሆን፣ በሰውነቱ ውስጥ ተደብቆ በቆየ ወባ መሆኑ ታወቀ። ጋዜጦች ነገሩን ከቀን ወደ ቀን ሲከታተሉት ስለ ነበረ ሐዘኑ የአገሩ ሁሉ ሐዘን ሆነ። ቄስ ፍሊን ግን ከሐዘኑ ውስጥ አንድ ትምህርት አወጡ። የሐኪሙ ድምፅ በሽቦ ላይ በደቂቃ ደርሷል፤ እጁ ግን በሳምንትም አልደረሰም። ስለዚህ የሚፈለገው እጁንም እንደ ድምፁ የሚያደርስ ነገር ነው።

በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ወደ ጦር ሜዳ በመርከብ ይጓዝ ከነበረ አንድ ወጣት ደብዳቤ ደረሳቸው። ወጣቱ ክሊፎርድ ፒል ይባላል፤ የሕክምና ተማሪ ሲሆን በአውስትራልያ የአየር ጦር ውስጥ የመቶ አለቃ ሆኖ ነበር። በደብዳቤው ውስጥ አይሮፕላን ለሩቅ አገር በሽተኞች እንዴት ሊያገለግል እንደሚችል፣ የፍጥነቱንና የወጪውን ግምት ጭምር አስረድቶ ጻፈ። ያን ጊዜ ሕዝቡ አይሮፕላንን የሚያውቀው በጦር መሣሪያነቱ ነው። ወጣቱ ግን ከጦርነቱ በኋላ የሚመጣውን ቀን አሰበ። ቄስ ፍሊን ይህን ደብዳቤ በ1918 ዓ.ም. በመጽሔታቸው አወጡት። ክሊፎርድ ፒል ግን በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ፈረንሳይ አገር ላይ ሲበር ወድቆ ሞቶ ነበር። ዕድሜው 24 ዓመት ነበር። ሐሳቡ እንደሚፈጸም ሳያውቅ አለፈ።

ከዚህ በኋላ ሥራው በአንድ ጊዜ ተፈጸመ ብሎ የሚያስብ አንባቢ ቢኖር ይሳሳታል። ደብዳቤው ከመጣበት ቀን አንሥቶ የመጀመሪያው በረራ እስኪደረግ ድረስ ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል። የዘመኑ አይሮፕላን በዚያ ሙቀትና በዚያ ርቀት የሚታመን አልነበረም። ገንዘብም አልነበረም። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ጥያቄ ነበር። በሽተኛው ከቴሌግራፍ ሽቦ በፈረስ ሁለት ቀን የሚርቅ ከሆነ ሐኪሙን ማን ይጠራዋል? ያልተጠራ ሐኪም አይሮፕላን ቢኖረውም ምን ያደርጋል? ቄስ ፍሊን ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ አይሮፕላን ብቻ መግዛት ዋጋ እንደሌለው ስለ ተረዱ፣ በአንድ እጃቸው ክንፍ፣ በሌላው እጃቸው ድምፅ ይፈልጉ ጀመር።

ድምፁን የፈለጉት በራዲዮ ነው። የዘመኑ ራዲዮ ግን ከባድ ባትሪ ወይም ሞተር የሚፈልግ ስለ ሆነ ለብቸኛ ቤተሰብ የሚሆን አልነበረም። በ1926 ዓ.ም. አልፍሬድ ትሬገር የሚባሉ የአደላይድ ከተማ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አብረዋቸው ወደ መካከለኛው በረሃ ሄደው ሙከራ አደረጉ። ሚስተር ትሬገር ብዙ ከደከሙ በኋላ እንደ ብስክሌት በእግር እየተዘወረ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ትንሽ መሣሪያ ሠሩ። የቤቱ እመቤት ወንበሯ ላይ ተቀምጣ በእግሯ ፔዳሉን ታዞራለች፤ በእጇ ደግሞ የሞርስ ምልክት ትመታለች፤ መልእክቱም በመቶ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮችን አቋርጦ ከዋናው ጣቢያ ይደርሳል። የሞርስ ምልክት መማር ለብዙዎች ስለ ከበዳቸው፣ ጥቂት ዓመታት ቆይተው ሚስተር ትሬገር እንደ ጽሕፈት መኪና ፊደሉ ሲነካ ምልክቱን በራሱ የሚልክ ሌላ መሣሪያ ጨመሩበት። መሣሪያውን ለሰው መሥራት ማለት እንዲህ ነው፤ ሰውን ለመሣሪያው ማስቸገር አይደለም።

ክንፉን የፈለጉት ደግሞ በገጠሩ ሰማይ መብረር ከጀመረ ጥቂት ዓመት ከሆነው ኳንታስ ከተባለው አነስተኛ የአየር መንገድ ነበር። የእርሻ መሣሪያ ፋብሪካ ባለቤት የነበሩት ሂዩ ቪክተር መካይ በ1926 ዓ.ም. ሲሞቱ ለዚህ ሥራ 2000 ፓውንድ ተናዝዘው ነበር፤ ቀሪው ገንዘብ ከሕዝብ መዋጮ ተሰበሰበ። ከኳንታስም ጋር በተደረገው ውል አንድ አይሮፕላን ከነአብራሪው በተጠንቀቅ እንዲቆም፣ ለተበረረውም ለእያንዳንዱ ማይል ሁለት ሽልንግ እንዲከፈል ተስማሙ። ልብ በሉ፤ ድርጅቱ አይሮፕላን አልገዛም፤ አብራሪ አላሠለጠነም፤ ያለውን ባለሙያ ከነመሣሪያው ተከራየ እንጂ።

በግንቦት ወር በ15ኛው ቀን 1928 ዓ.ም. በኲንስላንድ ግዛት በክሎንከሪ ከተማ የአየር ሕክምና አገልግሎት ለአንድ ዓመት ሙከራ ተከፈተ። ከሁለት ቀን በኋላ የሲድኒው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዶክተር ኬንየን ዌልች አይሮፕላኗን ከሚነዱት ከሚስተር አርተር አፍሌክ ጋር ሆነው 130 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ጁልያ ክሪክ በረሩ። በማረፊያው ሜዳ ላይ ከመቶ የሚበልጥ ሰው ወጥቶ ተቀበላቸው። አይሮፕላኗ አብራሪውንና አራት መንገደኞችን የምትይዝ፣ ከጨርቅና ከእንጨት የተሠራች፣ ራዲዮ የሌላት ነበረች። አብራሪው መንገዱን የሚያውቀው ወንዙን፣ የአጥሩን መሥመርና የቴሌግራፉን ሽቦ እየተከተለ ነው። የሆነ ሆኖ በመጀመሪያው ዓመት 50 በረራ ተደረገ፤ ከ30 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተበረረ፤ 225 በሽተኞችም ታከሙ። በ1929 ዓ.ም. ደግሞ የሚስተር ትሬገር የእግር ራዲዮ በክሎንከሪ ዙሪያ መተከል ሲጀምር ክንፍና ድምፅ ተገናኙ።

ወዲያው የ1930ዎቹ የገንዘብ ችግር ዓለምን ያዘ፤ መዋጮውም ቀነሰ። አገልግሎቱ በየዓመቱ ይዘጋ ይሆን እየተባለ ቆየ። ቄስ ፍሊን ግን ሥራው ለአንዲት ቤተ ክርስቲያን ብቻ እንደሚከብድ ስለ ተገነዘቡ የእኔ ነው ብለው አልያዙትም። በ1934 ዓ.ም. በየግዛቱ ክፍል ላለው አንድ ብሔራዊ ድርጅት ተላለፈ። ድርጅቱም በ1942 ዓ.ም. የበራሪ ሐኪም አገልግሎት ተባለ፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሣዊ የሚል ማዕረግ ተጨመረለት። የመሠረቱትን ሥራ በሕይወት ሳሉ ለሌላ ማስረከብ ለብዙ መሥራቾች መራራ ነው። እርሳቸው ግን ሥራው ከእርሳቸው ዕድሜ በላይ እንዲኖር ስለ ፈለጉ አደረጉት።

በ1942 ዓ.ም. ደግሞ በየሩቁ ቤት የመድኃኒት ሣጥን መታደል ጀመረ። በሣጥኑ ያለው መድኃኒት ሁሉ በቁጥር የተመለከተ ስለ ሆነ፣ ሐኪሙ በራዲዮ የበሽታውን ሁኔታ ከሰማ በኋላ የመድኃኒቱን ቁጥርና መጠን ይነግራል፤ እናትየውም ሣጥኑን ከፍታ ለልጇ ትሰጣለች። በዚህ ምክንያት አይሮፕላን ሳይነሣ የሚድነው በሽተኛ ብዙ ሆነ። ከዚህም ሌላ ራዲዮው ለብቸኞቹ ሴቶች ጎረቤት አመጣላቸው። ወር ሙሉ የሌላ ሴት ድምፅ ሳትሰማ ትኖር የነበረች እመቤት ሌሎች በተወሰነ ሰዓት ሲነጋገሩ መስማትና እርሷም መናገር ቻለች።

ይህንኑ ራዲዮ ለትምህርት ለማዋል ያሰቡት ሚስ አደላይድ ሚትኪ የሚባሉ የደቡብ አውስትራልያ የትምህርት ባለሙያ ናቸው። ሚስ ሚትኪ በበራሪው ሐኪም አገልግሎት ውስጥ ኃላፊነት ነበራቸው፤ ወደ መካከለኛው አገር በሄዱ ጊዜ የገጠር ልጆች በደብዳቤ ብቻ እንደሚማሩ፣ ከሰው ጋር መነጋገር ግን እንደሚያፍሩ አስተዋሉ። ሐኪሙ በሚናገርበት ራዲዮ መምህሩም ቢናገርስ ብለው ሐሳብ አቀረቡ። የአየር ትምህርት ቤትም በ1951 ዓ.ም. በሰኔ ወር በ8ኛው ቀን በአሊስ ስፕሪንግስ ከበራሪው ሐኪም ጣቢያ ተከፈተ። በአንድ ክፍል ያሉ ተማሪዎች እርስ በርሳቸው በመቶ ኪሎ ሜትሮች ተራርቀው ሳለ ለአንድ መምህር ጥያቄ መለሱ።

ቄስ ጆን ፍሊን ግን ያን ቀን አላዩም። ከአንድ ወር በፊት በግንቦት ወር በ5ኛው ቀን በሲድኒ ከተማ በ70 ዓመታቸው አርፈው ነበር። ክሊፎርድ ፒል የአይሮፕላኑን ቀን እንዳላየ ሁሉ እርሳቸውም የትምህርት ቤቱን ቀን ሳያዩ አለፉ።

የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ስንጽፍ ምስጋናቸውን ብቻ ዘርዝረን ጉድለታቸውን ብንሸሽግ አንባቢን ማታለል ይሆንብናል። ቄስ ፍሊን ሥራቸውን ሁሉ ሲያቅዱ በዓይናቸው ፊት የነበሩት በብዛት ከአውሮፓ የመጡት ሰፋሪዎች ነበሩ። ከእነርሱ በፊት በብዙ ሺህ ዓመታት የሚቆጠር ዘመን በዚያች ምድር የኖሩት ነባር ሕዝቦች በእርሳቸው ዕቅድ ውስጥ የሚገባቸውን ቦታ አላገኙም። በ1930ዎቹ ዓመታት የአደላይዱ ሐኪም ዶክተር ቻርልስ ዱጊድ ይህን ጉድለት በግልጽ ነቅፈዋል። ከሞታቸውም በኋላ የሆነው ነገር ይህንኑ ያስታውሳል። የቄስ ፍሊን አመድ በአሊስ ስፕሪንግስ አጠገብ ሲያርፍ በመቃብራቸው ላይ የተቀመጠው ታላቅ ድንጋይ ካርሉ ካርሉ ከተባለ ሥፍራ የመጣ ነበር። ይህም ሥፍራ ለነባሮቹ ሕዝቦች የተቀደሰ ነው። ባለቤቶቹ ለብዙ ዓመታት ከጠየቁ በኋላ በ1999 ዓ.ም. ድንጋዩ ወደ ሥፍራው ተመለሰ፤ በምትኩም የአረርንቴ ሕዝብ ከራሳቸው ምድር ሌላ ድንጋይ በስጦታ ሰጡ። ዛሬ በመቃብሩ ላይ ያለው የተሰጠው ድንጋይ ነው፤ የተወሰደው አይደለም። ከዚህ የተሻለ መታሰቢያ የሚገኝ አይመስለንም። የበራሪው ሐኪም አገልግሎት እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራል፤ ነባሩንም ሰፋሪውንም ያክማል። የቄስ ፍሊን ሥዕልም ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራቸው የ20 ዶላር ኖት ላይ ይታያል።

እንግዲህ ይህን ታሪክ ለተማሪዎችና ለወጣት ሹማምንት ያቀረብነው ስለ አይሮፕላን ለመናገር ብቻ አይደለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን አባባል ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ድሩን አንድ ላይ የሚያመጣው ሰው ግን ማን እንደሆነ እምብዛም አንጠይቅም። በ1917 ዓ.ም. በአውስትራልያ ሐኪም ነበረ፤ ቴሌግራፍ ነበረ፤ አይሮፕላንም ነበረ። ጂሚ ዳርሲ የሞተው እነዚህ ሁሉ ስላልነበሩ ሳይሆን ስላልተገናኙ ነው። ቄስ ፍሊን የሠሩት ማገናኘትን ነው። ለዚህም ካርታ አነበቡ፤ ርቀቱን ቈጠሩ፤ የሰውን ሐሳብ ሰሙ፤ ጊዜው እስኪደርስ አሥር ዓመት ታገሡ፤ ሥራው ሲቆምም ለሌላ አስረከቡ።

ነገ ከመኪና መንገድ ርቆ፣ ከወንዝ ማዶ ወይም ከተራራ ጀርባ ወደሚገኝ ወረዳ የሚመደብ ወጣት ሹም በጀት አነሰኝ፣ ዕቃ ጎደለኝ ከማለቱ በፊት አንድ ጥያቄ ራሱን ይጠይቅ። በዚህ ወረዳ ውስጥ ምን ምን አለ? ያለውስ ከምን ጋር አልተገናኘም? ነርሷ፣ መምህሩ፣ የስልኩ ሠራተኛና የበቅሎው ባለቤት ምናልባት በአንድ ገበያ ላይ እየተላለፉ አንዱ ለሌላው የሚሆን ነገር መያዙን ሳያውቅ ይኖር ይሆናል። ሲጠይቅም ከዕቅዱ ውጭ የቀረ ሰው መኖሩን መመልከት አይርሳ፤ በዚህ ነገር ቄስ ፍሊንም ጎድለዋልና። የሆልስ ክሪክ የፖስታ ቤት ሹም ሐኪም ሳይሆኑ ሰንጢ ያነሡት የያዙት ሥልጣን ስላዘዛቸው አልነበረም፤ በፊታቸው የተኛው ሰው ስለሚሞት ነው። የመንግሥት ሥራም መጀመሪያው ይህን ሰው ማየት ይመስለናል።